ቲማቲሙ ገበያ እስኪያገኝ የሚያቆይ የጡብና የአሸዋ ማቀዝቀዣ
ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ነዳጅ በማኅበር አቅም ሊሠራ የሚችል

በመስኖ አትክልት በሚለማባቸው ቆላማ አካባቢዎች የለቀማ ወቅት ደስታም ጭንቀትም ይዞ ይመጣል። የሁሉም ማሳ ቲማቲም በአንድ ሰሞን ይቀላል፤ ምርቱም በአንድ ሰሞን ወደ ገበያ ይወርዳል። ነጋዴው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ገበሬው በዋጋው ባይስማማም ዕቃውን መልሶ ለመውሰድ አይደፍርም፤ ምክንያቱም በፀሐይ ውሎ ያደረ ቲማቲም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መላላትና መፍረጥ ይጀምራል። በመሆኑም ወራት የተደከመበት ምርት በአንድ ጠዋት ንግግር በርካሽ ይወሰዳል፤ ገዢ ያጣውም ለከብት ይሰጣል ወይም ይደፋል።

ለዚህ ችግር ከፊል መፍትሔ የሚሆን፣ ከተተኮሰ ጡብ፣ ከወንዝ አሸዋ፣ ከሸምበቆና ከሣር የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ። ሞተር የለውም፤ መለዋወጫም አያስፈልገውም። የሚጠይቀው ውኃና የዕለት ተዕለት ክትትል ብቻ ነው።

የእንስራው ምሥጢር

የማቀዝቀዣው አሠራር ለማንኛውም የገጠር ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። ጥላ ሥር የተቀመጠ እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ በጣም በሞቀ ቀን እንኳ ይቀዘቅዛል። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣና እንስራውን ያልበዋል። ነፋስ ሲነካው ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ከእንስራውና ከውስጡ ካለው ውኃ ይዞ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ የሚወሰደው ሙቀት ቀላል አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይወስዳል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው 80 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ይህም ማለት አንድ ሊትር ውኃ በትነት የሚሠራው የማቀዝቀዝ ሥራ ከሰባት ኪሎ በረዶ ያላነሰ ነው ማለት ነው።

ይህንኑ የቆየ ዕውቀት በመጠቀም በኒው ዴልሂ የሚገኘው የሕንድ የግብርና ምርምር ተቋም ባለሙያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት የጡብና የአሸዋ ማቀዝቀዣ ሠርተው ለገበሬዎች አስተዋውቀዋል። በሰሜን ናይጄሪያ ደግሞ መምህሩ ሞሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ትንሽ ማሰሮን በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በረጠበ አሸዋ በመሙላት ለገጠር ቤተሰቦች አከፋፍለዋል። ለዚህም ሥራቸው በ2000 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እርሳቸው ባደረጉት ሙከራ በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረው ደበርጃን እስከ 27 ቀን የቆየ ሲሆን፣ ቲማቲምና ቃሪያም ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይበላሹ ቆይተዋል።

አሠራሩ

በቅድሚያ ነፋስ የሚያገኘው፣ ጎርፍ የማይተኛበትና ለውኃ ቅርብ የሆነ ቦታ ይመረጣል። በዚህ ቦታ ላይ ጡብ በአንድ ረድፍ ተነጥፎ 165 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 115 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ወለል ይዘጋጃል። በወለሉ ዙሪያ ሁለት ግድግዳ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ፣ እስከ 67 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቁመት ይገነባል። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ይተዋል። ለሥራው 400 ያህል ጡብ ይበቃል፤ ማቀዝቀዣውም እስከ አንድ ኩንታል አትክልት ይይዛል።

ክፍተቱ በታጠበ የወንዝ አሸዋ ይሞላል። ጡቡ ከመገንባቱ በፊት በውኃ ሊነከር ይገባል። ግድግዳው በሲሚንቶ ሊለሰን አይገባም፤ ልስን ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ትነቱን ያስቀራል። ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብም ውኃ ስለሚያፈርሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክዳኑ ከሸምበቆ ተሠርቶ በሣር ወይም በጆንያ ይሸፈናል። በመጨረሻም ፀሐይ እንዳያገኘው ከላዩ ዳስ ይጣልለታል።

ሥራ ሲጀመር ጡቡ፣ አሸዋውና ክዳኑ እስኪርሱ ድረስ ውኃ ይጠጣሉ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ማርጠብ ይበቃል። በደረቅ ወራት በቀን ሁለት ጀሪካን ያህል ውኃ ሊፈልግ ይችላል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ ይህ ሸክም በሴቶችና በልጆች ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ የማኅበሩ መሪዎች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። ማቀዝቀዣውን በመስኖ ቦይ አጠገብ መሥራት ችግሩን በአብዛኛው ያቃልለዋል።

ጡብ በማይገኝበት አካባቢ ሁለት ማሰሮ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ለዚህ የሚሆነው ማሰሮ ግን በቅባት ያልተሟሸ መሆን አለበት። የማብሰያ ሸክላ እንዳያፈስ ተብሎ ሲሟሽ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የተደፈነ ሸክላ ደግሞ ስለማያልበው አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ማኅበራት ለየአካባቢያቸው ሸክላ ሠሪዎች ይህንኑ አስረድተው ቢያሠሩ፣ ለእነርሱም ተጨማሪ ገበያ ይከፍታል።

የት ይሠራል፣ የት አይሠራም?

ማቀዝቀዣው የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል። የአንደኛው ጫፍ በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ በነፋስ ሲራገብ የሚያሳየው ቁጥር፣ በዚያ ቦታ በትነት ሊደረስበት የሚቻለውን የቅዝቃዜ ወሰን ያመለክታል። ለምሳሌ የአየሩ ሙቀት 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 20 በመቶ ሲሆን እርጥቡ ቴርሞሜትር እስከ 19 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። በአንጻሩ ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ደግሞ 80 በመቶ ከሆነ ከ27 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። በመሆኑም በበጋ ብዙ የሚጠቅመው ማቀዝቀዣ በክረምት ዝናብ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ከዚህም ሌላ ማቀዝቀዣው ለሥጋና ለክትባት መድኃኒት የሚሆን ቅዝቃዜ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደረቅ መጋዘን ስለሚፈልጉ በውስጡ ቢቀመጡ ያቆጠቁጣሉ፣ ይበሰብሳሉም። የበሰለ ቲማቲም የሚያወጣው ጋዝ ቅጠላ ቅጠልን ስለሚያቢጫ ሁለቱ በአንድ ላይ ሊቀመጡ አይገባም።

አትክልቱ የሚለቀመው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ለማቆየት ሙሉ በሙሉ ከቀላው ቲማቲም ይልቅ መቅላት የጀመረው ይመረጣል። የተሰነጠቀና የተነካካው ተለይቶ ሌላው በቅርጫት ወይም በሣጥን ይቀመጣል፤ ቁልል የታችኛውን ይጨፈልቃል። የበሰበሰ ሲገኝ ሌላውን ሳይበክል በየቀኑ መውጣት አለበት።

ለችግኝና ያለ አፈር ለሚለማ አትክልት

ይኸው ዘዴ በየትምህርት ቤቱና በወጣቶች ማኅበራት ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውኃ አትክልት ለማብቀል ለሚሞክሩም ይጠቅማል። ውኃው በሞቀ ቁጥር በውስጡ የሚይዘው አየር ያንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሥሩ ይታፈናል፤ የሥር አበስብስ በሽታም ይበረታል። የውኃውን በርሜል ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ በጡብ አጥሮና ዙሪያውን በአሸዋ ሞልቶ አሸዋውን በንጹሕ ውኃ ማርጠብ ሙቀቱን ይቀንሰዋል። ሊተን የሚገባው ከውጭ የሚረጨው ንጹሕ ውኃ ነው። ማዳበሪያ ያለበት ውኃ ከተነነ ጨው እየተከማቸ ሥሩን ይጎዳል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

አዲስ ነገር በወሬ ሳይሆን በዓይን ሲታይ ይታመናል። ስለዚህ ማኅበሩ በመጀመሪያ አንድ ማቀዝቀዣ ብቻ ሠርቶ፣ ከአንድ ማሳ በአንድ ጠዋት ከተለቀመ ቲማቲም 10 ኪሎ በውስጡ፣ 10 ኪሎ ደግሞ በውጭ ጥላ ሥር ቢያስቀምጥ ይበጃል። በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ቀን የተበላሸው በአባላት ፊት ይመዘን፤ ውጤቱም በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይስፈር። የውኃውን ተራ የሚከታተል ሰው ይመደብ። አንድ ቀን ውኃ የተዘለለበት ማቀዝቀዣ ተራ የጡብ ሣጥን ሆኖ ይቀራልና።

አንድ ኩንታል የሚይዝ ማቀዝቀዣ የወቅቱን ምርት በሙሉ አያድንም። ይሁን እንጂ ዛሬ በነጋዴው ዋጋ ያልተስማማ ገበሬ ለሚቀጥለው የገበያ ቀን የሚያቆየው ጥቂት ቅርጫት ካለው ለድርድር የሚቀመጠው ተረጋግቶ ነው። አባላት በየማሳቸው ዳር የየራሳቸውን ቢሠሩና የሚሸጡበትን ቀን ተመካክረው ቢወስኑ፣ ገበያው በአንድ ጠዋት በምርት ከመጥለቅለቅ፣ የገበሬው ላብም መንገድ ዳር ከመደፋት ይድናል።