ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ትእዛዝ ውስጥ የሚገኙ አሻሚ ቃላት

የሙያ ቃላት ሲደነገጉ በአብዛኛው የሚታሰቡት ተማሪው፣ መምህሩና ተርጓሚው ናቸው። ይሁን እንጂ የአንድ ቃል አሻሚነት የሰው ሕይወት እስከማሳጣት የሚደርስበት ቦታ አለ፤ ይኸውም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታማሚ የሚያገግምበት ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) ዓለም አቀፍ ጥሪ ማስተላለፉ ይታወሳል። በአገራችን ሐኪሙ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ቢጽፍም፣ አማርኛ በሚነገርባቸው ሆስፒታሎች ተረኛው ለተረኛ፣ ነርሷም ለታማሚው ቤተሰብ የሚያስተላልፉት በአማርኛ ስለሆነ ጉዳዩ የቋንቋ ባለሙያንም ይመለከታል።

በቅድሚያ «ማስታገሻ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ «አስታገሠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ምን እንደሚያስታግሥ ግን ራሱ አይናገርም። ሕመምም፣ ትኩሳትም፣ የታወከ መንፈስም ይታገሣል። ስለዚህ «ማስታገሻ ስጡት» የሚል የቃል ትእዛዝ ለአንዱ ሰሚ ሞርፊን፣ ለሌላው ዲያዜፓም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ተደርበው ሲሰጡ ደግሞ አተነፋፈስን ይበልጥ ያዳክማሉ። ሕመምን የሚቀንሰው ዘወትር በሙሉ ስሙ «ሕመም ማስታገሻ»፣ መንፈስን የሚያሳርፈው «ማረጋጊያ»፣ ስሜትን የሚያጠፋው «ማደንዘዣ» ቢባል እንመርጣለን። የመድኃኒቶቹን መጠሪያ ግን ወደ አማርኛ መመለስ አይገባም፤ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውና በአፍ የሚጠራው ስም አንድ መሆን አለበትና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ሚሊ» የሚባለው ቁራጭ ቃል ነው። «ሚሊ» አንድ ሺኛ ማለት እንጂ ለብቻው መለኪያ አይደለም፤ ሚሊግራም ክብደትን፣ ሚሊሊትር ይዘትን ይለካል። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም ሞርፊን የያዘ ብልቃጥ የተለመደ ነው። ሐኪሙ 2 ሚሊግራም አስቦ «ሁለት ሚሊ» ቢል፣ ነርሷም 2 ሚሊሊትር ብትቀዳ ለታማሚው የሚደርሰው 20 ሚሊግራም፣ ማለትም የታሰበለት ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ሞርፊን ሲበዛ እስትንፋስን ያዘገያል፤ ታማሚው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ አስታማሚውም «ተመስገን፣ ተኛልኝ» ይላል። ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ የሚያድነው ነገሩ በጊዜ ከታወቀ ብቻ ነው። «ሚ.ግ.» እና «ሚ.ሊ.» የሚሉት አጽሕሮቶችም ቢሆኑ በእጅ ጽሑፍ በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ቃላቱ ሳያጥሩ እንዲጻፉ እናሳስባለን። ቁጥሩም «1» እንጂ «1.0» አይሁን፤ ነጥቡ ሲደበዝዝ 10 ይሆናልና።

ሰዓትን በሚመለከት ደግሞ የራሳችን የሆነ ችግር አለብን። በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት የሚባለው በአውሮፓውያን ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። መድኃኒቱ በ8 ሰዓት መሰጠቱን አንዷ ነርስ በእኛ አቆጣጠር መዝግባ፣ ተረካቢዋ በአውሮፓውያን ብታነብበው፣ ገና የተሰጠው መድኃኒት ስድስት ሰዓት ያለፈው ይመስላትና ትደግመዋለች። በተቃራኒው ሲሆን ታማሚው ሲሠቃይ ያመሻል። «በ6 ሰዓት» እና «በየ6 ሰዓቱ»ም በችኮላ ሲነገሩ ይምታታሉ። «በቀን» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቀን የሌሊት ተቃራኒም፣ የ24 ሰዓት ጊዜም ስለሆነ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለውን መድኃኒት ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚጨርስ ሰው ቃሉን አላጣመመም። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ይሻላል።

«በመርፌ» የሚለው ቃል መሣሪያውን እንጂ መንገዱን አይገልጽም። «በደም ሥር»፣ «በጡንቻ»፣ «ከቆዳ ሥር» ተብሎ ይለይ። (በመጀመሪያው «ሥር» የተባለው የደሙ መተላለፊያ፣ በመጨረሻው ግን «በታች» መሆኑን ልብ ይሏል።) በጀርባ ለማደንዘዝ የሚሰጠው ቡፒቫኬይን በስሕተት በደም ሥር ቢገባ ልብን ሊያቆም ይችላል።

የቀረው «ሲያስፈልግ» ነው። የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ የሚፈርደው ማን ነው? ይህንን አንድ አቻ ቃል የሚፈታው አይመስለንም፤ «ሕመም ሲሰማው፣ ከ6 ሰዓት ባላነሰ ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ» እንደሚለው ዓይነት ሙሉ ሐረግ ያስፈልገዋል። በፓራሲታሞል ረገድ፣ የአዋቂ ሰው ጣራ በ24 ሰዓት 4 ግራም ሲሆን፣ በደም ሥር የተሰጠውና በክኒን የተዋጠው ተደምረው ይቆጠራሉ።