ቆመው የሚጫወቱት ጌም

ጌም ቤት ሲባል ሞያሌም ሆነ ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎም ሆነ አዲስ አበባ የምናውቀው አንድ ዓይነት ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጆይስቲክ ላይ ያጎነበሱ ልጆች፣ ከኋላቸው ተራ ጠባቂ። ኳሷ ስክሪኑ ላይ ትሮጣለች፤ የሚሠራው የልጁ አውራ ጣት ብቻ ነው። ወላጅና አሰልጣኝ ጌምን በክፉ ዓይን ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ሆኖም በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ቁጭ ብሎ መጫወት የማይቻል ሌላ ዝርያ አለ። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው የዳንስ ጌም ተጫዋቹን ምንጣፍ መሰል ሰሌዳ ላይ ያቆመዋል፤ ስክሪኑ ቀስት ባሳየ ቁጥር ልጁ በዚያው አቅጣጫ ይረግጣል፣ ከሙዚቃው ከቀደመ ወይም ከዘገየ ነጥብ ይጥላል። ኔንቲዶ በ2006 ዊ የተባለውን የጌም ማጫወቻ ሲያወጣ በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ከተተበት፤ ልጁ እንደ ቴኒስ ተጫዋች ክንዱን ሲወነጭፍ ስክሪኑ ላይ ያለውም ሰው ይወነጭፋል። የማይክሮሶፍት ኪኔክት በ2010 ሲመጣ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ነገር ጨርሶ ቀረ፤ ዓይን የማያየውን ብርሃን ክፍሉ ውስጥ ረጭቶ ርቀት እየለካ የተጫዋቹን መገጣጠሚያዎች ይከታተላል።

ይህ ከልጆች የስፖርት ልምምድ ጋር አብሮ ይሄዳል ወይ ለሚለው መልሴ ጠበብ ያለ ነው። አሰልጣኝ ከያዘው ልጅን ወደ ሜዳ ማምጫ ዘዴ ይሆናል፤ ተገዝቶ ሳሎን ከተቀመጠ ግን ብዙ አይጠበቅበትም። የሊቨርፑል ጆን ሙርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች በዊ ቦውሊንግ፣ ቴኒስና ቦክስ ሲጫወቱ፣ ቁጭ ብለው ከሚጫወቱበት ጊዜ ቢያንስ 51 በመቶ የበለጠ ጉልበት አውጥተዋል። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ግን የተለኩት ልጆች 11 ብቻ ነበሩ፣ ያወጡትም ጉልበት እውነተኛውን ቴኒስ ወይም ቦክስ ቢጫወቱ ከሚያወጡት ያንሳል። ይበልጥ የሚያስተምረው በ2012 የታተመው የሂውስተን ጥናት ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው 78 ልጆች ዊ ተሰጠ፤ ለከፊሎቹ የሚያንቀሳቅስ ጌም፣ ለከፊሎቹ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት። እንቅስቃሴ ቆጣሪ ታጥቀው ለሳምንታት ሲከታተሏቸው በሁለቱ ወገኖች የዕለት እንቅስቃሴ ላይ ልዩነት አልታየም። ልጅ ብልህ ነው፤ ክንዱን ሙሉ ከመወንጨፍ የእጁን አንጓ ብቻ ነቅነቅ ቢያደርግ ማሽኑ እንደሚታለል ቶሎ ይደርስበታል። ጌሙ በትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ፣ መምህር ባለበት ሲገባ ግን ውጤቱ ይለያል፤ አሜሪካ ውስጥ በላቲኖ ቤተሰብ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2013 በታተመ ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ የዳንስ ጌምና መሰል እንቅስቃሴ የሠሩት ተማሪዎች አንድ ማይል የሚሮጡበት ሰዓት ተሻሽሏል። የዌስት ቨርጂኒያ ግዛትም የዳንሱን ጌም በ765 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ሁሉ ለማስገባት በ2006 ያቀደችው በትምህርት ቤት በኩል እንጂ ለየቤቱ በማደል አልነበረም።

ወደ ሞያሌ ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ለየትኛው ልጅ? የሚለው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት የሚጠብቅ፣ ከኤላ ጉድጓድ ውኃ የሚያመላልስ የቦረና ወይም የገሪ ልጅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ የሚመክረውን የ60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ገና ረፋድ ላይ ይጨርሰዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴም በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ማንም ልምምድ ብሎ አልቆጠረለትም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ምግብና ዕረፍት እንጂ ጌም አይጎድለውም። የከተማው ልጅ ሌላ ነው። ሞያሌ ከአዲስ አበባ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ርቃ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት፤ መንገዱ የጭነት መኪናና የባጃጅ ነው፣ የቀትሩ ፀሐይ ለልምምድ አይመችም። ሜዳ ሲገኝም የሚይዙት አስቀድመው ኳስ የቻሉት ወንዶች ናቸው። የሚቀሩት ሴት ልጆች፣ ወፍራሞቹ፣ ዓይን አፋሮቹ፣ ሁልጊዜ ተጠባባቂ መሆን የሰለቻቸው ናቸው፤ እኔ ማሽኑን የምመኘው ለእነዚህ ነው። ቀትር ላይ በትምህርት ቤት አዳራሽ ለ20 ደቂቃ ያህል ምንጣፉ ላይ ሲረግጡ የሚስቅባቸው የለም፣ የዛሬ ነጥባቸውን የሚያወዳድሩትም ከራሳቸው የትናንት ነጥብ ጋር ነው። ወደ ማታ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ አሰልጣኙ እነዚያኑ ልጆች ሜዳ ያወጣቸዋል።

አሰልጣኞች የሚያነሡት ተቃውሞ ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ኳስ የሚለመደው ኳስ በመንካት ነው ይላሉ። እውነት ነው። የስክሪን ኳስ ክብደት የላትም፣ አቧራ ላይ አትነጥርም፣ ተከላካይም በትከሻው አይገፋም፤ ቅብብልና ኳስ ቁጥጥር በጌም ይማራሉ የሚል ቢመጣ ሻጭ መሆን አለበት። በዚያ ብር ስንት ኳስ ይገዛ ነበር ለሚለውም፣ ኳስ የሌለው የታዳጊዎች ፕሮጀክት አስቀድሞ ኳስ ይግዛ። ብቻ አሥር ኳስ ቢጨመር የሚጠቅመው ሜዳ ላይ ላሉት ነው፤ አጥር ተደግፋ የምትመለከተዋን ልጅ ወደ ውስጥ አያስገባትም። ጌም ሱስ ያስይዛል የሚል ወላጅ ደግሞ ቁልፉ በአሰልጣኙ እጅ፣ ጊዜውም በሰዓት የተወሰነ መሆኑን ይጠይቅ። ዘመናዊውን ለመግዛት የሚጣደፍ ካለም፣ ማይክሮሶፍት ኪኔክትን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2017 ማቆሙን አይርሳ፤ ተራው የዳንስ ምንጣፍ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ እንኳ አሰልጣኙ መሬት ላይ በኖራ ሣጥኖች አስምሮ በጭብጨባ አቅጣጫ መጥራት ይችላል፤ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች ይህን አይቸገሩበትም። ታዲያ ማሽኑ ምን ሊሠራ ነው ቢባል፣ ነጥብ ሲቆጥር ስለማይሰለችና ስለማያዳላ ነው። እንደረዳ የሚታወቀው ግን በስም መጥሪያው ነው፤ ቀትር ላይ ምንጣፉን ከረገጡት ስንቶቹ በአሥራ አንድ ሰዓት ሜዳ ተገኙ? ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ ፈቀቅ ካላለ ማሽኑን ሸጦ ኳስ መግዛት ነው።