አሥራ አራት እንግዳ በ16 ካሬ

በገና ሰሞን የኮንዶሚኒየም ድግስ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው የመቀመጫ ጉዳይ ነው። እሱ እንኳ ቀላል ነው፤ ወንበር ከጎረቤት ይዋሳሉ፣ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ልጆች አልጋ ላይ ይደረደራሉ፣ ለሦስት መሶብ የሚበቃ ሰው ተጠጋግቶ ከሁለት መሶብ ይበላል። ጠባብ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው ንጹሕ አየር ነው።

እስቲ እናስላው። ሳሎኑ 16 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ቢሆን የሚይዘው አየር 40 ሜትር ኩብ ነው። የተቀመጠ አዋቂ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አሥራ አራት ሰው ሲሆን 250 ሊትር ገደማ ይሆናል። ደጅ ያለው አየር ከሚሊዮን እጅ 420 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በርና መስኮቱ ግጥም ተደርጎ ቢዘጋ ይህ ቁጥር በስድስት ደቂቃ ውስጥ 1,000 ይደርሳል፤ በሰዓት ከ6,000 ያልፋል። እርግጥ የትኛውም ቤት በበሩ ሥርና በመስኮቱ ጠርዝ ትንሽ ይተነፍሳል፣ በስሌቱ ልክ አይታፈንም። ቢሆንም እንግዳው ገና እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ አየሩ ተለውጧል።

1,000 የምትለው ቁጥር እንዲሁ የመጣች አይደለችም። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ክፍል ያስቀመጣት ወሰን ናት። ሰውዬው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በዚያ መጠን መርዝ ነው ብሎ አልፈራውም። የሚለካው፣ አብሮት የሚወጣው የሰው ትንፋሽና የገላ ሽታ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ስለሚጠቁመው ነበር። ዛሬም የምንጠቀምበት በዚሁ መንፈስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ አንዱ ያስነጠሰው ጉንፋን ለሌላው የመድረስ ዕድሉም አብሮ ያሻቅባል።

ሙቀቱም አለ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ አሥራ አራቱ ተደምረው ሳሎኑ መሐል እንደተለኮሰ የኤሌክትሪክ ምድጃ ናቸው። ከትንፋሽና ከላባቸው የሚወጣው ውኃ ደግሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። ዶሮ ወጡ በዚያው ዕለት የሚሠራ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሽንኩርት አብዛኛው ክብደቱ፣ ከመቶ 89 ያህሉ፣ ውኃ ነውና አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሲቁላላ በሊትር የሚቆጠር ውኃ ተንኖ በቤቱ ይሰራጫል። መስኮቱ ላይ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ወጡን በዋዜማው ሠርቶ ማሳደር የባለሙያዋን ድካም ከማቅለሉም በላይ እርጥበቱ እንግዳ ሳይመጣ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጣል።

መፍትሔው መስኮት መክፈት ነው፤ ችግሩ ደግሞ የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማታ ነው። «ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» የሚል አንድ ታላቅ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። ፊዚክስ ለሁለቱም ወገን ይፈርዳል። ሙቀቱ በብዛት የተከማቸው አየሩ ውስጥ አይደለም፣ ግድግዳው፣ ወለሉና ዕቃው ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ያሉ በርና መስኮት ለአምስት ደቂቃ ወለል ተደርገው ቢከፈቱ አየሩ በአብዛኛው ይለወጣል፤ ግድግዳው ግን በአምስት ደቂቃ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ማታውን ሙሉ በቀጭን ቀዳዳ አንድ ሰው በብርድ ማንቀጥቀጥ ሳይሆን፣ በየመሐሉ በአንድ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ይሻላል። በመስኮቱ ሥር ያሉት አባት ለዚያች አምስት ደቂቃ ጋቢ ይደርቡ።

ስለ ጫጫታው ብዙ አልልም። ባዶ ኮንክሪትና ሴራሚክ የሚደርሳቸውን ድምፅ ከሞላ ጎደል መልሰው ይወረውሩታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ደግሞ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አጠገቡ ያለውም እንዲሁ፤ በመጨረሻ ሁሉም ይጮኻል። ወፍራም መጋረጃና ፍራሽ ድምፅ ይመጥጣሉ። ማንም የማያየውን የቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ማጥፋት ግን ከሁሉም ይረክሳል።

አሁን ወደ ቡናው። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ማንደጃው ቄጠማው ላይ ይቀመጣል፣ ዕጣን ይጨመርበታል። «ጭሱ አልቋል» ማለት ለብዙዎቻችን አደጋው አልቋል ማለት ነው። ጭሱና መርዙ ግን የተለያዩ ናቸው። ከታች በሚገባው አየር የሚነደው ከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ያ ጋዝ በቀላው ፍም መሐል ሽቅብ ሲያልፍ ከካርቦን ጋር ዳግመኛ ይዋሐድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ፍሙ ላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ ጭስ የሌለው፣ የሚያምረው ፍም ዋናው የመርዙ ምንጭ ነው።

ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ክብደቱ ከአየር ብዙም ስለማይለይ ወለል ላይ አይተኛም፣ ጣሪያም ሥር አይሸሽም፤ በክፍሉ ሁሉ ይቀላቀላል። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ጥቂት ጋዝ ብዙ ቦታ ይነጥቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ከጎደለው ላይ ነው የሚወሰደው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የበዓሉ ቀን ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። ከ43 ቀን ጾም በኋላ ቅቤና ሥጋ የበላ፣ ጠጅም የቀመሰ ሰው እነዚህ ሁሉ ሲሰሙት ምን ይላል? «ቅባቱ ከበደኝ» ብሎ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ደጅ ወጥቶም ከተሻለው ግን ጥፋቱ የወጡ አይደለም።

ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ፣ ካልሆነም ማንደጃው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቢሆን፣ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቁ መስኮቱ ባይዘጋ። ሥርዓቱን የሚወዱ ዕጣን እያጨሱ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢያፈሉትም አልቃወምም። ከሁሉ የሚከፋው ከቡናው በኋላ የሚሆነው ነው፤ የተረፈው ፍም አመድ ለብሶ፣ ላደሩት እንግዶች ሙቀት ይሁን ተብሎ መኝታ ቤት ሲገባ። አመድ የለበሰ ፍም ሞኖክሳይድ መስጠቱን አያቆምም፤ የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን አይሰማም። ፍሙ ውጭ በውኃ ይጥፋ።

አንድ ሰው ተዝለፍልፎ ቢገኝ መጀመሪያ ወደ ደጅ፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ቤት። ተራ አየር እየሳበ ጋዙ ከደሙ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስድበታል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። እዚያ ሲደርሱ ቤቱ ውስጥ ከሰል እንደነበር መናገር ያስፈልጋል፤ ጣት ላይ የሚሰካው ተራው የኦክስጅን መለኪያ ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለየውምና፣ በሽተኛው እየታፈነ 98 ሊያሳይ ይችላል።