የካርቱም ፓርላማ የታኅሣሥ 9 ቀን ስብሰባና «ሙሉ ግምት» የተባለው ቃል

በታኅሣሥ 9 ቀን 1948 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 19 ቀን 1955፥ ሰኞ ዕለት፥ የጎረቤታችን የሱዳን የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በካርቱም ተሰብስቦ የአገሩን ነጻነት ወሰነ። በዚያች ቀን መድፍ አልተተኮሰም፤ አንድ እንደራሴ ተነሥቶ ሐሳቡን አቀረበ፥ ሌላው ደገፈው፥ ምክር ቤቱም ባንድ ድምፅ ተቀበለው። ስለ ነጻነቱ ውሳኔ ብዙ የተጻፈ ስለሆነ አንባቢዎቻችን ነገሩን ሳያውቁት አይቀሩም። ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነው ግን በዚያው ቀን፥ በዚያው አዳራሽ ስለ ተላለፈው ስለ ሌላው ውሳኔ፥ ይልቁንም በውሳኔው ውስጥ ስለ ገቡት ሁለት ቃላት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ፥ የሱዳን መዝገቦች እንደሚጽፏቸው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በእንግሊዝና በግብጽ የጋራ አገዛዝ ሥር ነበረች። የጋራ ይባል እንጂ በካርቱም ቤተ መንግሥት በጠቅላይ ገዢነት የተቀመጠው ሁሉ እንግሊዛዊ ነበር። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1953 ሁለቱ መንግሥታት በካይሮ ተፈራርመው ለሱዳን የራስ አስተዳደር ፈቀዱ፤ ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥም አገሪቱ ከግብጽ ጋር ለመተባበር ወይም ፈጽማ ነጻ ለመሆን እንድትመርጥ ተስማሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ በሕንዳዊው በሱኩማር ሴን የሚመራ ኮሚሲዮን በተቆጣጠረው ምርጫ፥ 97 አባሎች ያሉት የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቆመ፤ ከእነዚሁም ውስጥ 22ቱ የደቡብ እንደራሴዎች ነበሩ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ 50 አባሎች ሲኖሩት 20ዎቹን የሾማቸው ጠቅላይ ገዢው ነበር። ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩት ሰይድ ኢስማኢል ኤል አዝሃሪ፥ ፓርቲያቸው ብልጫ ስላገኘ፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ይሁን እንጂ ብልጫው እጅግ ቀጭን ነበር። በኖቬምበር 10 ቀን 1955 የአዝሃሪ መንግሥት የበጀቱን ሕግ አቅርቦ በ49 ድምፅ ተቃውሞ፥ በ45 ድምፅ ድጋፍ ተሸነፈ፤ ከአምስት ቀን በኋላም በ48 በ46 ተመልሰው ተመረጡ። በሁለት ሰዎች ድምፅ ላይ የቆመ መንግሥት ማታ ሲተኛ ጧት ስለ መነሣቱ እርግጠኛ እንደማይሆን በአስተዳደር ሥራ ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን መናገር አያስፈልግም። እኒህ ሰው ለምርጫ የቀረቡት ከግብጽ ጋር መተባበርን ደግፈው ነበር፤ ሥልጣኑን ከያዙ በኋላ ግን የሕዝቡ አሳብ ወዴት እንደሚያዘነብል ተመለከቱ፥ አሳባቸውንም ለወጡ። ጠላቶቻቸው ከዳተኛ አሏቸው። ጸሐፊው ግን በጊዜው ከአገሩ ጋር አሳቡን የለወጠን ሰው እንዲህ ብሎ ለመጥራት አይደፍርም።

በስምምነቱ የተቀየሰው መንገድ ረጅም ነበር። ፓርላማው በኦገስት 16 ቀን 1955 የራስን ዕድል የመወሰኑ ሥራ እንዲጀመር ወሰነ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ጥያቄው ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፈቀደ። ለዚህ ሁሉ ኮሚሲዮን ማቋቋም፥ የሁለቱን መንግሥታት ክርክር መጠበቅ፥ መራጭ መመዝገብ ያስፈልግ ነበር። የውጭው ጦር ግን በኖቬምበር አገሩን ለቅቆ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ የመንግሥቱም የተቃዋሚውም ወገን አንድ አቋራጭ አዩ፤ ይኸውም ፓርላማው ራሱ ነጻነቱን ቢያውጅ እንግሊዝም ግብጽም እንቢ የሚሉበት ፊት አይኖራቸውም የሚል ነው።

ሰኞ ዕለት አፈ ጉባኤው ባቢከር አወደላ በወንበራቸው ተቀምጠው ሳለ፥ በዳርፉር ከኒያላ ወገን የተመረጡት እንደራሴ አብዱራሕማን ሙሐመድ ኢብራሂም ደበካ ተነሥተው ሐሳቡን አቀረቡ፤ የዳር ሐሚድ እንደራሴ ሙሻዊር ጁምዓ ሰሃልም ደገፉት። ሐሳቡን ሚኒስትር ሳይሆን ተራ እንደራሴ ማቅረቡ ሥራው የአንድ መንግሥት ሳይሆን የምክር ቤቱ ሁሉ ሆኖ እንዲታይ አድርጎታል። ቃሉ ለጠቅላይ ገዢው የሚቀርብ ሆኖ፥ ሱዳን ሙሉ ልዕልና ያላት ነጻ መንግሥት መሆኗን በሕዝቡ ስም የሚያስታውቅ፥ ሁለቱ ገዢ መንግሥታትም ይህን ወዲያው እንዲያውቁላት እንዲጠይቅ የሚለምን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በበጀት ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ የነበረው ምክር ቤት አንድም ተቃዋሚ ሳይገኝበት አጸደቀው።

ይህ ሁሉ ስምምነት የተገኘው በነጻ አልነበረም። ሃያ ሁለቱ የደቡብ እንደራሴዎች የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። እንግሊዞች ሲለቁ ከተከፈቱት ስምንት መቶ ያህል የመንግሥት ሥራዎች ውስጥ ለደቡብ ሰዎች የደረሱት ከአሥር የማይበልጡ ነበሩ። በኦገስት 18 ቀን 1955 በቶሪት የነበረው የደቡብ ጦር ዐመፀ፤ በተከተለውም ሁከት፥ መርማሪው ኮሚሲዮን እንደ ቈጠረው፥ 261 የሰሜን ሰዎችና 75 የደቡብ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ አራት ወር ያህል ቆይቶ ነው እንግዲህ የደቡብ እንደራሴዎች ለነጻነቱ ድምፃቸውን እንዲሰጡ የተጠየቁት። እነርሱም ኢኳቶሪያ፥ ባሕር ኤል ጋዛልና የላይኛው ናይል የተባሉት ሦስቱ አውራጃዎች በፌዴሬሽን እንዲተዳደሩ ተስፋ ይሰጠን አሉ።

የተሰጣቸው መልስ በውሳኔ መልክ ተጽፎ ጸደቀ። ፍሬ ነገሩም፥ የደቡብ እንደራሴዎች ስለ ፌዴሬሽን ያቀረቡትን ጥያቄ ወደፊት የሚቋቋመው የሕገ መንግሥት ጉባኤ «ሙሉ ግምት ይሰጠዋል» የሚል ነበር። የፓርላማው ቋንቋ ዐረብኛ ሆኖ፥ ሲያስፈልግ በእንግሊዝኛ መናገር የተፈቀደ ስለ ነበረ፥ ከደቡብ የመጡት ብዙዎቹ ነገሩን የተከታተሉት በእንግሊዝኛ ነው። የትርጉም ሥራ ልማድ ሆኖብን ይህን ቃል ደጋግመን መዘንነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ብናዞረው ክብደቱ አይጨምርም። መፍቀድ አይደለም፥ መከልከልም አይደለም። በመሥሪያ ቤት ያደገ ሰው ማመልከቻው ጠርዝ ላይ «ይታይ» ተብሎ ሲመራለት ምን ያህል እንደ ተጓዘ ያውቃል። ነጋዴም ቢሆን ዕቃ በዱቤ ጠይቆ «አስብበታለሁ» የሚል መልስ ሲያገኝ፥ ዱቤው ተፈቀደልኝ ብሎ ግመሎቹን አይጭንም።

ታዲያ የደቡብ ሰዎች ይህን ሳያስተውሉ ቀሩን? አይመስለንም። ከመካከላቸው የተማሩና ቃል የሚመዝኑ ነበሩባቸው። ነገር ግን የቶሪት ነገር ገና ትኩስ ሳለ፥ አገር ሁሉ ነጻነት ሲል ብቻውን እንቢ ያለ ሰው ስሙ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ከጨለማ ጥቂት ብርሃን ይሻላል ብለው ተቀበሉ። ቃሉን ያረቀቁትም ሁሉ አታላዮች ነበሩ ለማለት አንደፍርም፤ ዕለቱን በሰላም ለማሳለፍ የፈለጉ፥ ነገን ለነገ የተዉ ሰዎች ነበሩ።

ፌዴሬሽን የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ለካርቱም ሰዎች የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከካሰላ ወደ ተሰነይ የሚሻገር ነጋዴ ሁሉ፥ ድንበሩን ባለፈ ጊዜ የሚገባው በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከ1952 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ወደ ተያያዘችው ወደ ኤርትራ ነበር። ያም ፌዴሬሽን በ1962 ቀርቷል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ለሱዳን ጉዳይ የሚጠቅመን ይህ ብቻ ነው፤ የሰሜኑ ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ፌዴሬሽንን የሚያዩት እንደ ማሰሪያ ሳይሆን እንደ መለያያ መጀመሪያ ነበር።

በዚያው ቀን ሌሎችም ውሳኔዎች ተላለፉ፤ በጠቅላይ ገዢው ፈንታ የአገር መሪነቱን ሥልጣን አምስት ሰዎች ያሉበት ጉባኤ እንዲይዘው፥ ሕገ መንግሥቱንም የሚያወጣ ጉባኤ እንዲመረጥ ተወሰነ። ከአምስቱ አንዱ የደቡቡ ሰው ሲሪሲዮ ኢሮ ሆኑ። ጊዜያዊው ሕገ መንግሥት በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ጸደቀ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1956፥ እሑድ ጧት፥ ሰይድ ኢስማኢል ኤል አዝሃሪና የተቃዋሚው መሪ ሙሐመድ አሕመድ መሕጁብ ሰማያዊ፥ ብጫና አረንጓዴ የሆነውን ሰንደቅ ዓላማ አብረው ሰቀሉ። ለነጋዴ አንባቢዎቻችን ለማስታወስ ያህል፥ ሰንደቁ ቢለወጥም በገበያው የሚሠራው ገንዘብ የግብጽ ፓውንድ እንደ ሆነ ቆየ፤ ሱዳን የራሷን ፓውንድ ያወጣችው በ1957 ነው።

አሁን ወደ «ሙሉ ግምት» እንመለስ። ሕገ መንግሥቱን የሚያረቅ ኮሚቴ ሲቋቋም ከ46ቱ አባሎች የደቡብ ሰዎች ሦስት ብቻ ሆኑ። ኮሚቴውም የፌዴሬሽኑን ጥያቄ አንሥቶ ተነጋገረበት፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፥ በዚህ አገርም አይሠራም ብሎ ዘጋው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በዲሴምበር የተሰጠው ቃል በፊደሉ አልፈረሰም። ግምት ይሰጠዋል ተብሎ ነበር፥ ግምት ተሰጠው። ውለታ ፈረሰ ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ቢኖር እንኳ የሚጠቅሰው አንቀጽ አያገኝም። ደቡቦቹን እጅግ ያስመረራቸውም ይኸው ይመስለናል፤ የፈረሰ ቃል ይከሰሱበታል፥ ባዶ ሆኖ የተፈጸመ ቃል ግን መክሰሻ የለውም።

በ1958 በተደረገው ምርጫ የደቡብ ሰዎች በአባ ሳተርኒኖ ሎሁሬ መሪነት ስለ ፌዴሬሽን የሚከራከሩ ሆነው ወደ ካርቱም ተመለሱ። ክርክሩ ሳይቋጭ በኖቬምበር 17 ቀን ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣኑን ይዘው ፓርላማውን ዘጉት። ያ አዳራሽ ሲዘጋ ጥያቄው ወደ ጫካ ወጣ። በ1972 ሁለቱ ወገኖች በአዲስ አበባ ተስማምተው ለደቡብ የክልል ራስ አስተዳደር ተሰጠ፤ ጠበብቶቹ ፌዴሬሽን የሚለውን ቃል በዚያን ጊዜም ከስምምነቱ አስቀሩት። ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜይሪ በ1983 ክልሉን ለሦስት ከፍለው ራስ አስተዳደሩን ሲሽሩት ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፥ እስከ 2005ም ዘለቀ።

በመጨረሻ በጃንዋሪ 2011 የደቡብ ሕዝብ በቀጥታ ተጠየቀ፤ ድምፅ ከሰጡት ከመቶው 98 የሚሆኑት መለየትን መረጡ። በጁላይ 9 ቀን 2011 በጁባ ከተማ የደቡብ ሱዳንን የነጻነት ዐዋጅ ያነበቡት የሕግ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጄምስ ዋኒ ኢጋ ነበሩ፤ የካርቱሙም ፕሬዚዳንት ዑመር ኤል በሺር ከክቡራን እንግዶች መካከል ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።