«ከፍተኛ» ድምፅና «ቀጭን» ድምፅ፤ የመኪና ቴፕ መፈተኛ ዲስክና ቃላቱ

ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ዕቃ ስም ማውጣት ብዙ አያስቸግርም፤ አንድም ስሙ ከነዕቃው ይገባል፣ አንድም ገበያተኛው የራሱን ይሰጠዋል። የሚያስቸግረው ከዕቃው ጋር የሚመጣውን አሠራር ለይተው የሚገልጹ ግሦችንና ቅጽሎችን መምረጥ ነው። ለዚህ በቤት ውስጥ የሚዘጋጀው የመኪና ቴፕ መፈተኛ ዲስክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

መርካቶ ክፍሎቹን ሶማሌ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ የሰየመ ገበያ ነው፤ ስም ለማውጣት የማንንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። በራጉኤል አካባቢ «የመኪና ቴፕ» ሲባል ማንም ሰው መሣሪያውን ይረዳል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ክሩን ወይም ጥብጣቡን የሚያመለክት ሲሆን በአማርኛ ግን የማጫወቻው ስም ሆነ፤ ካሴት ቀርቶ ዲስክ ሲተካም ስሙ አልተለወጠም። ስለዚህ «ቴፑ ሲዲ ያነባል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ አንዳች ቅራኔ የለበትም። ቀድሞም «ሸክላ» እንዲሁ ከቁሱ ስም ተነሥቶ የዘፈን መያዣ ስም ሆኗል። ተርጓሚው እንዲህ ያሉትን ቃላት «ለማረም» መድከም አይገባውም።

መፈተኛ ዲስክ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘፈን ብዙ ድምፆችን በአንድነት ስለሚያሰማ የመሣሪያውን ጉድለት ይሸፍናል፤ የታወቀ አንድ ነጠላ ድምፅ ግን ጉድለቱን ያጋልጣል። አዘጋጁ በኮምፒውተር ላይ የግራና የቀኝ መለያ፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ፣ ፍጹም ጸጥታና አንድ በደንብ የሚያውቀውን ዘፈን በተራ አሰናድቶ በባዶ ዲስክ ላይ ያኖራል። በጸጥታው ክፍል የሚሰማ እዝታ ካለ ምንጩ መሣሪያው ወይም የመኪናው የኤሌክትሪክ መሥመር እንጂ ዲስኩ አይደለም።

«ያኖራል» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ የመጀመሪያው የቃል ችግር እዚህ ላይ ይነሣል። በአማርኛ ሦስት ግሦች አሉን፤ ቀረጸ፣ ቀዳ፣ ዐተመ። «ቀረጸ» ድምፅን ከሰው አፍ ወይም ከመሣሪያ ተቀብሎ ለሚያስቀር ሥራ ይስማማል። «ቀዳ» ከምንጭ ወደ እንስራ፣ ከእንስራ ወደ ዋንጫ እንደሚባለው፣ ያለውን ወደ ሌላ መያዣ ማሳለፍ ነው። «ዐተመ» በፋብሪካ ከአንድ ቅርጽ በብዛት ለሚወጣው ዲስክ ይሆናል። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተወሰደው «ማቃጠል» ምክንያት የሌለው አይደለም፤ የጨረሩ ሙቀት በዲስኩ ላይ ያለውን ቀለም ስለሚለውጠው ነው። ነገር ግን መሣሪያ መቃጠሉን በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ «ዲስኩን አቃጥል» ብሎ ማዘዝ አንባቢን ያደናግራል። «ቅዳ» ይበቃል።

አራተኛውን ግሥ፣ «ገለበጠ»ን፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ሥራ አንጠቀምበትም። የአንዱ ድምፅ ማጉያ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ከተለዋወጡ አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል፤ ወፍራሙም ድምፅ ይሳሳል። ይህን ለመለየት በዲስኩ ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ በሁለቱም ወገን እኩል ይቀዳል፤ ቀጥሎ ያው ድምፅ በአንዱ ወገን ብቻ ተገልብጦ ይቀዳል። የመጀመሪያው ሞልቶ፣ ሁለተኛው ሳስቶ ከተሰማ ሽቦው ትክክል ነው። «ገለበጠ» በአንድ ገጽ ላይ መቅዳትንም መገልበጥንም እንዲያመለክት ከተደረገ ፈተናው ራሱ ይበላሻል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ከፍተኛ ድምፅ» የሚለው ሐረግ ነው። ጩኸቱ የበረታ ማለት ነው ወይስ ድግግሞሹ የበዛ? «ከፍተኛው ድምፅ ሲደርስ ቀንስ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ጩኸት እስኪሰማ ቢጠብቅ፣ የትንሿ ድምፅ ማጉያ ስስ ሽቦ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። በ15,000 ኸርዝ ያለ ድምፅ ለብዙ አዋቂዎች ጆሮ እምብዛም ስለማይሰማ፣ ጉልበቱ ትንሽ ይመስላቸዋልና። በቃል አመራረጥ የሚመጣው ጉዳት ዕቃ እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሰው ድምፅ ሲናገር «ቀጭን» እና «ወፍራም» ወይም «ጎርናና» እያለ ከጥንት ለይቶታል። ስለዚህ ለድግግሞሽ «ቀጭንና ወፍራም»፣ ለጩኸት «ብርቱና ለስላሳ» ብንል ሁለቱ አይጋጩም። መመሪያውም «ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ጩኸቱን አትጨምር» ይሆናል፤ ይህንንም መካኒኩ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በመጨረሻም «የድምፅ ዲስክ» እና «የፋይል ዲስክ» ሊለዩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ በተለካ ቁጥር ይይዛል፤ የቆየ የመኪና ቴፕ የሚያነበው ይህን ብቻ ነው። የታመቁ ፋይሎች ብቻ የተቀዱበት ዲስክ በዓይን ሲያዩት ያው ነው፤ ቴፑ ግን አይቀበለውም። ሁለቱንም «ሲዲ» ብሎ የሚያልፍ ትርጉም ደህናውን ቴፕ በሽተኛ ያሰኘዋል።

እንግዲህ የሙያ ቃል ሥራ ባዕዱን ቃል ከማባረር በፊት በእጃችን ያሉትን ቃላት ድንበር ማስከበር ነው። «ቴፕ» ይቆይ፤ «ከፍተኛ ድምፅ» ግን ይፈተሽ።