እበት ለእሳት ወይስ ለማሳ?

በማሳ ላይ ያሉት ተክሎች፣ እንስሳትና በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ከአፈር፣ ከውሃና ከአየር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ይህ ትስስር ሥርዓተ ምህዳር ይባላል።

ጤፍ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግቡን ያዘጋጃል፤ ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ግን ከአፈር ይወስዳል። ጭዱን በሬ ይበላዋል። እበቱ ወደ ማሳው ሲመለስ ትሎችና ረቂቅ ሕዋሳት አብላልተው ለመጪው ሰብል ያቀርቡታል። ያለቀውን ኃይል ፀሐይ በየቀኑ ትተካዋለች፤ ከአፈር የተወሰደውን ንጥረ ነገር ግን አትተካውም።

ደን በተመናመነባቸው ደጋማ አካባቢዎች እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ያን ጊዜ አብዛኛው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና እርጥበት የሚይዘው ብስባሽም ይቀራል። ሆኖም ምግብ ያለ እሳት ስለማይበስል «ኩበት አታንድዱ» ማለት ብቻ አይበቃም። ስለዚህ፦

1. ለማገዶ የሚሆን ዛፍ በጓሮ ይተከል፤ ባሕር ዛፍ ግን ከሰብል ይራቅ።
2. ከማገዶ የተረፈው እበት ከገለባና ከቅጠል ጋር በጉድጓድ ይብላላ።
3. ፎስፎረስና ፖታሲየም በአመድ ውስጥ ስለሚቀሩ አመዱ በጓሮ መደብ ላይ ይበተን።
4. ከጤፍ ወይም ከስንዴ ቀጥሎ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይዘራ፤ በሥራቸው እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይስባሉ።

ማሳ የሚሰጠው የተመለሰለትን ያህል ነው።