አምስት ነገሥታትና አንዲት እቴጌ በአንድ ግቢ

ጎንደር የምትሄዱ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ፦ ፋሲል ግቢ ገብታችሁ በትልቁ ግንብ ፊት ፎቶ ብቻ ተነሥታችሁ እንዳትወጡ። ግንቡ የትም አይሄድባችሁም፤ መጀመሪያ ግቢውን ዙሩት።

900 ሜትር ያህል የሚረዝም የድንጋይ አጥር ግቢውን ይከብባል። ውስጡ ያለው ግን አንድ ቤተ መንግሥት አይደለም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ልጅ ከአባቱ ግንብ አጠገብ የራሱን እያቆመ ነው ግቢው እንዲህ የሞላው። ዐፄ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት፣ ዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ ረጅም የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ ሠሩ። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ግድግዳው በመስቀል ያጌጠ የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ።

ለምን ሁሉ ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር አልሆነም? ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙ ዘመናቸውን በድንኳን ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ነው የገዙት። ለእኔ ፋሲል ግቢ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የንጉሥ ሰፈር ይመስለኛል፤ ለየሥራው የተለየ ቤት፣ ለየሰዉ የተለየ መግቢያ። በሮቹ ይህን በግልጽ ያሳያሉ። የዳኞቹ ወምበር በር ነው፤ የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራስ በር አለው፤ እንቢልታ ነፊዎቹም የራሳቸው በር ነበራቸው። የምንትዋብ እናት እንኮዬም በስማቸው የሚጠራ በር አላቸው። ፊት በር የሚያወጣው ወደ ጃን ተከል አደባባይ ነው።

አሁን ወደ ፋሲል ግንብ እንሂድ። ወደ 32 ሜትር ይደርሳል። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች ቆመዋል፣ ከጣሪያው ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ማማ ይነሣል። ሰማዩ ሲጠራ ከዚያ ላይ ጣና ይታያል።

«ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ዐፄ ፋሲል ከፖርቱጋሎች ጋር ስማቸው የሚነሣውን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጡት ገና በዘመናቸው መጀመሪያ ነው። እንፍራዝ አጠገብ ያለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ደግሞ ከጎንደር ይቀድማል። በእርግጥ የውጭ እጅ አለበት፤ በዐፄ ፋሲል አባት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ የመጣ ግንበኛ የኖራን አሠራር አስፋፍቷል። ጎንደር ስትገነባ ግን ድንጋዩን ከጠረቡትና እንጨቱን ከሠሩት መካከል የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ነበሩ። የእነሱ ስም ከግንቡ ጋር አብሮ ሲነሣ እምብዛም አለመስማቴ በጣም ይቆጨኛል።

ከግቢው ግንቦች ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የታላቁ ዐፄ ኢያሱ ግንብ ነው። በዝሆን ጥርስና በመስታወት አጊጦ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋው። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ በግቢው የመሸገውን የጣሊያን ጦር ለማስለቀቅ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ጎዳው።

ጣሊያኖችም በቆይታቸው ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠግነው ነበር። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው፤ እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ አሮጌውን ድንጋይ ይጎዳዋል። ኖራ ግን ውሃውን ያስተነፍሳል፣ ከግንቡ ጋርም አብሮ ይላወሳል። ስለዚህ ኋላ ላይ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራ ተመልሰዋል። ስትሄዱ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ማያያዣ እዩት፤ የትኛው የቆየ፣ የትኛው የጥገና እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ።